ቦይኮት የማን ስም ነው?

ጥያቄ፦ «ምርጫውን ቦይኮት አደረጉ» ሲባል እሰማለሁ። ወዳጄ ቃሉ የሰው ስም ነው አለኝ፤ እኔ ደግሞ «ቦይ» እና «ኮት» ተጣምረው የፈጠሩት ይመስለኛል። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ወዳጅዎ ረትተውዎታል። በስሙ ውስጥ ያለው «ኮት» የሚለበሰው አይደለም፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ ጎጆ ማለት ነው። የስሙ ባለቤት ቻርልስ ቦይኮት ሲሆን አየርላንድ ውስጥ፣ በማዮ፣ የሎርድ ኧርን መሬት አስተዳዳሪ ነበር። በ1880 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ምርቱ ስለከፋ ጭሰኞቹ ከኪራዩ 25 በመቶ ይቀነስልን አሉ። ሎርዱ ከ10 በላይ አልቀንስም አለ። መስከረም ላይ ቦይኮት የማስለቀቂያ ትእዛዝ ማስበተን ሲጀምር አገሬው አደመበት።

ማንም አልነካውም፣ ግን ማንም አላገለገለውም። የእርሻ ሠራተኞቹ ጥለውት ሄዱ፣ ባለሱቆች አንሸጥልህም አሉት፤ አንጥረኛውና ልብስ አጣቢዋ ሳይቀሩ ሥራውን እንዲተዉ ታዘዙ። እሳት የሚጭርበት ጎረቤት አጣ ማለት ይቻላል። ኅዳር ላይ 50 ያህል በጎ ፈቃደኞች ከካቫንና ከሞናሃን መጥተው ሰብሉን ሰበሰቡለት፤ እነሱን የጠበቀው ወታደርና ፖሊስ ግን ወደ 1,000 ይጠጋ ነበር። 500 ፓውንድ ገደማ የሚያወጣ ሰብል ለማስገባት 10,000 ፓውንድ ያህል ወጣ ይባላል። ቦይኮትም በታኅሣሥ መግቢያ አካባቢውን ለቀቀ።

ቃሉን የወለዱት የአካባቢው ቄስ ጆን ኦማሊ እንደሆኑ የጻፈው አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ጀምስ ሬድፓዝ ነው። ከግሪክ የመጣው «ኦስትራሳይዝ» (ሰውን ከማኅበር ማግለል) ለገበሬው ይከብደዋል ብለው በምትኩ የአስተዳዳሪውን ስም ግስ አደረጉት። በዚያው ኅዳር ጋዜጦች ቃሉን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያወጡት ጀመር፤ አዲስ ቃል መሆኑ የሚታወቀውም በዚህ ነው። ፈረንሳዮችና ጀርመኖችም ብዙ ሳይቆዩ ወሰዱት።

ቃል ከሰው ስም መጣ የሚል ወሬ ሲሰሙ መጀመሪያ ዓመቱን ያስተያዩ፤ ቃሉ ከሰውየው በፊት ከነበረ ወሬው ውድቅ ነው። «ክራፕ» የሚለው ስድብ ከመጸዳጃ ዕቃ ነጋዴው ቶማስ ክራፐር መጣ የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ቃሉ ግን እንግሊዝኛ ውስጥ የገባው ክራፐር ከመወለዱ ከመቶዎች ዓመታት በፊት ነው። ቀጥሎ የቤተሰብ ስምና የማዕረግ ስም አይደባለቁብዎት። «ሳንድዊች» የተባለው ምግብ የተሰየመበት ሎርድ የቤተሰብ ስሙ ሞንታጉ ነበር፤ ሳንድዊች ማዕረጉ የተጠራበት የኬንት ከተማ ነው።