ሹቢልን ፍለጋ ኡጋንዳ ለሚሄዱ፦ ከጀልባው በፊት የባይኖኩላርዎ ወረቀት ይቅደም

ጋምቤላ ድረስ ሄደው ሹቢል የተባለውን ትልቅ የረግረግ ወፍ ሳያዩ እንደተመለሱ፣ አሁንም ያመለጠዎትን ወፍ ኡጋንዳ ሄደው ለማየት እንዳሰቡ ገልጸው ዝግጅቱ ምን እንደሚመስል ጠይቀዋል። እኔም ሱሉልታ የምኖር፣ ሰማያዊ ክንፍ ያለውን ዝይ በሜዳችን ላይ ስመለከት ያደግሁ፣ ከጋምቤላ ረግረግም እንደ እርስዎ ባዶ እጄን የተመለስሁ ሰው ነኝና ጉዳያችን አንድ ነው ብዬ እጽፍልዎታለሁ። ስለ ትኬትና ስለ ማረፊያ የሚነግርዎት አያጡም፤ እኔ ከዚያ ውጭ ያሉትን ሦስት ነገሮች ልንገርዎ።

1. ኡጋንዳ ሲገቡ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃሉ። ካርዱ የሚጸናው ክትባቱን ከወሰዱ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት የሚደረግ ሩጫ አይጠቅምም። ቀድሞ ተከትበው ከሆነ ግን፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ካርዱ ለዕድሜ ልክ እንዲያገለግል ስለተወሰነ፣ እንደገና ተከተቡ ቢባሉ አይቀበሉ።

2. ባይኖኩላርዎ (የሩቅ ማያ መነጽርዎ) ከአገር ሲወጣ ይመዝገብ። ይህን ዕቃ ወደ አገር ለማስገባት ፈቃድ እንደሚጠየቅ ያውቃሉ፤ ይዘውት ወጥተው ሲመለሱ ግን አዲስ የገዙት እንዳልሆነ የሚመሰክርልዎ ወረቀት ብቻ ነው። እኔ ይህን አስቀድሜ ስለተረዳሁ የመለያ ቁጥሩን ጠቅሼ ማመልከቻ ጻፍሁና ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድሁ። የመጀመሪያው ሠራተኛ ማመልከቻውን ሳያነብ «ወፍ ለማየት ነው ባሕር የሚሻገሩት? እዚህ ወፍ ጠፋ?» ብሎ ወደ ሌላ መስኮት ላከኝ፤ ያኛው ደግሞ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ይመለሱ አለኝ። ከከተማ ዳር ተነሥቶ፣ በሁለት ታክሲ ተሳፍሮ የመጣን ሰው «ነገ ይመለሱ» ብሎ ማሰናበት ምን ያህል እንደሚያንገበግብ እርስዎም የዳር ሰው ነዎትና ይገባዎታል። ቆሜ ጠበቅሁ። ኃላፊው ከስብሰባ ሲወጡ ማመልከቻውን እስከ መጨረሻው አነበቡ፤ መሣሪያውንም በእጃቸው ይዘው ቁጥሩን አመሳከሩና ማኅተም አደረጉልኝ። ስመለስ ፈታሹ ባይኖኩላሩን ከሻንጣዬ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ሳሳየው ግን ያለ አንዳች ክርክር መለሰልኝ። ከጎኔ የነበሩ ወንድማችን፣ ዕቃው የራሳቸው ሆኖ ሳለ፣ ወረቀት ስላልያዙ በደረሰኝ አስረክበው ሄዱ። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

3. ሹቢልን ለማየት ከእንቴቤ ከተማ ብዙም የማይርቀውን፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር የሚገኘውን የማባምባ ረግረግ ይምረጡ። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ወይም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያሉት ወራት ዝናብ የሚቀንስባቸው ናቸው። ማልደው ይድረሱ፤ አስጎብኚ መሪዎቹ በደንገሉ መካከል በእንጨት ታንኳ ይወስዱዎታል። ወፉ ከአንድ ሜትር በላይ የሚቆም ግራጫ ፍጡር ነው፤ ሳንባ ያለው ዓሣ አየር ለመሳብ ብቅ እስኪል ድረስ ቀጥ ብሎ ስለሚጠብቅ፣ እርስዎም መታገሥ አለብዎት። ቀዛፊውን ቅረብ፣ ቅረብ እያሉ የሚያስጨንቁ ጎብኚዎች አሉ፤ ወፉ ከሸሸ ግን ከኋላ ለሚመጣውም ይጠፋል። የአካባቢው ዓሣ አጥማጆች ሹቢልን ገደ ቢስ ነው ብለው ያሳድዱት ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙዎቹ መሪዎች ሆነው ይጠብቁታል። ስለዚህ ክፍያዎ እዚያው ላሉት ሰዎች ይድረስ፤ ከከተማ የሚመጣ ደላላ አያስፈልግዎትም።

ወፉ ከደንገሉ መካከል ብቅ ሲል ጋምቤላ ላይ የደከምሁት ሁሉ ተካሰልኝ። ከሰዓት በኋላ ጊዜ ከተረፈዎት እ.ኤ.አ. በ1898 የተመሠረተውን የእንቴቤ ዕፀዋት ማዕከል ይጎብኙ፤ በትልልቆቹ ዛፎች ላይ ታላቁ ሰማያዊ ቱራኮ የተባለውን ወፍ ሊያገኙ ይችላሉ።

የማመልከቻዬን ግልባጭ አስቀምጫለሁ፤ ከፈለጉ እልክልዎታለሁ፣ የመለያ ቁጥሩንና ስምዎን ብቻ ይቀይሩ።