ጥያቄና መልስ፦ ኦፔራ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ባለ የቆርቆሮ ጣሪያ አዳራሽ የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የሪቻርድ ሽትራውስን ኦፔራ «ኤሌክትራ» ልናሳይ አስበናል። ይቻላል?

መልስ፦ አንመክርም። እ.ኤ.አ. በ1909 ድሬስደን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ይህ ሥራ ከ100 በላይ ሙዚቀኞች ይፈልጋል፤ ተመልካች የት ሊቀመጥ ነው? የዚያው ደራሲ «አሪያድኔ በናክሶስ» ይሻላችኋል። ለ1916ቱ ቅጂ 37 ሙዚቀኞች ይበቃሉ፤ ከባለ ክር መሣሪያዎቹ ቫዮሊኑ 6፣ ቪዮላው 4፣ ቼሎው 4፣ ባሱ 2 ብቻ ነው። ሃርሞኒየም (በነፋስ የሚሠራ ትንሽ ኦርጋን) እና ቼለስታ (እንደ ደወል የሚጮኽ ባለ ቁልፍ መሣሪያ) ከጠፉ በኪቦርድ ተኩ፤ ድምፁን ግን ዝቅ አድርጉት፣ አለዚያ ዘፋኞቹን ይውጣቸዋል።

ፈተናው ከኦፔራው ገጸ ባሕርያት አንዷ፣ ጼርቢኔታ ናት፤ ከ10 ደቂቃ በላይ ብቻዋን ትዘፍናለች። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትንፋሽ ያጥራል፤ ድምፃዊቷ ከቆላ የምትመጣ ከሆነ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ትድረስ። ክረምቱንም እርሱት፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የኦርኬስትራው ሃርፕ (የአውሮፓው በገና) ጨርሶ አይሰማም። ኅዳር ጥሩ ነው።