«ኤሊክሲርን ትተን ወደ ፓይተን እንሂድ ወይ?» ላሉት

ቡድንዎ ለአዲሱ ሥራ ኤሊክሲር የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መርጦ ሳለ፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮድ ረዳቶች ፓይተንን የበለጠ ስለሚያውቁ ሐሳብ ልትቀይሩ እንደሆነ ጽፈዋል። ምክንያቱ ይህ ብቻ ከሆነ አትቀይሩ እላለሁ።

ረዳቶቹ የሚማሩት ከተጻፈ ኮድ ነው፤ የፓይተን ኮድ ደግሞ ከኤሊክሲር እጅግ ይበዛል፤ ይህ አያከራክርም። እኔ በሥራ ላይ እንዳየሁት ግን ከኮዱ ማነስ ይልቅ የቋንቋው ቶሎ ቶሎ መለዋወጥ ይብሳል። ለምሳሌ ዚግ የተባለው ቋንቋ ገና እትም 1.0 አልደረሰም፤ በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው እትም 0.15 አሬይሊስት የተባለውን የዝርዝር መያዣ አጠቃቀም ሳይቀር ቀይሯል። ረዳቱ የቀድሞውን አጻጻፍ በሙሉ ልብ ይጽፋል፣ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለርም አልቀበልም ይላል። ያበሳጫል እንጂ አያከስርም፤ ስህተቱ እዚያው ተይዟልና።

የሚያስፈራኝ ድምፁን አጥፍቶ የሚያልፈው ነው። ኤሊክሲር ላይ ረዳቱ የፓይተን ልማዱን ይዞ ይመጣና ድምር የሚል ተለዋዋጭ ከዜሮ ያስነሳል፤ ከዚያ የዝርዝርን አባላት አንድ በአንድ በሚያስኬደው ኢነም ኢች ውስጥ በየዙሩ ይደምርበታል። ኮዱ ይሠራል፤ ድምሩ ግን መጨረሻ ላይም ዜሮ ነው፤ ፈንክሽኑ ውስጥ የተሰየመው ተለዋዋጭ የውጭውን አይነካውምና። ኮምፓይለሩም «ይህ ተለዋዋጭ ጥቅም ላይ አልዋለም» ብሎ ከማስጠንቀቅ አያልፍም። ስለዚህ ማስጠንቀቂያን እንደ ስህተት የሚቆጥረውን ቅንብር ከመጀመሪያው ቀን ያብሩት። ያኔ ረዳቱ መልእክቱን አንብቦ፣ ብዙ ጊዜ ራሱ ድምሩን ከዙር ወደ ዙር ወደሚያስተላልፈው ኢነም ሪዱስ ይቀይረዋል።

ኤሊክሲር ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚገኝ ኮድ) ያንሰዋል የሚባለውን በተመለከተ፣ ቋንቋው የተመሠረተበትን የኤርላንግን ሞጁሎች በቀጥታ ስለሚጠራ ከሚመስለው በላይ ሀብታም ነው። ረዳቱ ግን እዚህም አሮጌ ነገር ይጎትታል፦ ከኦቲፒ (ከኤርላንግ ጋር የሚመጣው የላይብረሪ ስብስብ) እትም 24 ጀምሮ የተወገደውን፣ የመልእክትን እውነተኛነት ለማረጋገጥ የሚያገለግለውን የክሪፕቶ ኤችማክ ፈንክሽን አሁንም ሲጽፍ አያለሁ። የሌለ ፓኬጅ ስምም ይፈጥራል፤ ተንኮለኛ ሰው ያንኑ ስም ቀድሞ አስመዝግቦ ሊጠብቅዎ ስለሚችል፣ ከመጫንዎ በፊት የኤሊክሲር ፓኬጆች በሚመዘገቡበት ሄክስ ላይ ማን እንደሚያስተዳድረውና መቼ እንደታደሰ ይዩ። ላይብረሪ ለሌለው ኤፒአይ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት በር) ግን ሰነዱን ሰጥተው አነስተኛ ማገናኛ ቢያስጽፉት ጥሩ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ጠጋኙ እናንተው ናችሁ።

ከቡድኑ ውስጥ የኤሊክሲር ኮድ አንብቦ «ይህ ልክ አይደለም» የሚል አንድ ሰው እንኳ ከሌለ ግን ፓይተንን ያዙ።