በኦቨን የሚጋገረው ፓንኬክ ለምን ኩፍ አላለም?

እህቴ፣ የጠየቅሽውን ላሳጥረው። ያገኘሽው አሠራር 3 እንቁላል፣ ግማሽ ኩባያ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ ወተት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ፣ በ220 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ ይላል። ቤትሽ ያለው ግን የሀበሻ እንቁላል፣ የዱቄት ወተት፣ ወፍጮ ቤት የተፈጨ ስንዴ፣ ለወጥ የተነጠረ ቅቤና ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ኦቨን ነው። ስትጋግሪውም እንደ ቂጣ ተጋድሞ ቀረ።

ይህ ፓንኬክ እርሾም ቤኪንግ ፓውደርም የለውም። ኩፍ የሚያደርገው በሊጡ ውስጥ ያለው ውሃ በአንዴ ሲተን ነው፤ እንፋሎቱን ይዞ የሚጠነክረው ደግሞ እንቁላሉ ነው። ስለዚህ ወተቱንም ቅቤውንም እንደፈለግሽ ቀይሪ፣ በእንቁላሉ ልክና በመጥበሻው ግለት ግን ቀልድ የለም።

አሠራሩ የሚለው እንቁላል ትልቁ የፈረንጅ ነው፤ ያለ ቅርፊቱ 50 ግራም ገደማ ይመዝናል። የሀበሻው ከዚያ በጣም ያንሳል፣ ስለዚህ በ3 ፈንታ 4 አድርጊ፤ በጣም ደቃቃ ከሆነ 5። ከቅዳሜ ገበያ የተገዛ ከሆነ አንድ በአንድ ስኒ ላይ እየሰበርሽ ጨምሪ፣ አንዱ የተበላሸ ቢሆን ሁሉን ይዞ ይሄዳል። ጠዋት ብርድ ሲሆን እንቁላሉን ከነቅርፊቱ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ አቆይው፤ ቀዝቃዛ ሊጥ መጥበሻውን ያበርደዋል።

ዱቄቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ያንቺን ፓንኬክ በዋናነት ያስተኛው እሱ ይመስለኛል። የወፍጮ ቤት ዱቄት ከነፉርሽካው ነው። ፉርሽካው ውሃ ይጠጣል፣ ሊጡንም ያከብደዋል። በደቃቅ ወንፊት ንፊውና የወረደውን ብቻ 8 ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ለኪ። ግማሹን በፉርኖ ዱቄት ብትተኪው ደግሞ ልዩነቱን ወዲያው ታይዋለሽ። ጤፍ ከሩብ በላይ አይግባ፤ ግሉተን ስለሌለው ሊጡ አይለጠጥም። ለወተቱ 2 የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ወተት በ8 ማንኪያ ውሃ በጥብጪ፣ የወፍጮ ዱቄት ከሆነ ውሃውን 9 ወይም 10 አድርሽው። አንድ ቁንጥጫ ጨው፣ ከፈለግሽ 1 ማንኪያ ስኳር። መጀመሪያ እንቁላሉን አረፋ እስኪያወጣ ምቺ፣ ቀጥለሽ ዱቄቱን፣ መጨረሻ ወተቱን። ከዚያ 30 ደቂቃ ይረፍ። ሊጡ ከማንኪያው እንደ ልብ ካልፈሰሰ ወፍሯል፣ ውሃ ጨምሪበት።

ቅመም የገባበት ቅቤ ላይ ማር ብታፈሺበት ኮሰረቱና በሶብላው ይጣላሉ፤ ፓንኬኩ ወጥ ወጥ ይሸታል። ያን ቅቤ በጨውና በቃሪያ ለምትሠሪው አስቀምጪው (እሱም እኮ ግሩም ነው)። ለጣፋጩ ለጋ ቅቤ ያለ ቅመም አንጥረሽ አጥሪው፣ ሳይነጠር ከገባ ይፈነጣጠራል፣ ያርራል። የተነጠረ ቅቤ ውሃ ስለሌለው 1 ማንኪያ ተኩል ይበቃል። ዘይትም ይሆናል፣ የኑግ ግን ጠረኑ ይጫናል።

አሁን እሳቱ። እጀታው ፕላስቲክ ያልሆነ፣ ወፈር ያለ፣ 24 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው መጥበሻ ወይም የዳቦ ትሪ ባዶውን ከኦቨኑ ጋር ይጋል። ስስ አሉሚኒየም ሊጥ ሲነካው ወዲያው ይበርዳል። ማታ ማታ መብራት ሲደክም የኦቨኑን ቁጥር አትመኚ፤ የውሃ ጠብታ ጣል አድርጊበት፣ እየዘለለ ካልጠፋ ገና ነው። ቅቤውን ጨምረሽ እንደቀለጠ ሊጡን ገልብጪና ዝጊ። 15 ደቂቃ በሩን አትክፈቺ። ትንሽ ኦቨን ውስጥ ትሪው በታችኛው መደርደሪያ ይሁን፣ ጠርዙ ሲያድግ የላይኛውን ማሞቂያ ነክቶ ይከስላል። የላዩ ለብቻው የሚጠፋ ከሆነ ጠርዙ ቡናማ መሆን ሲጀምር አጥፊው።

ቤኪንግ ፓውደር ልጨምር ወይ ላልሽው፣ አይጨመርም። ያለሽበት ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ናት፤ ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ የአየሩም ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ እንፋሎቱ ቶሎና ብዙ ይለጠጣል። ሊጡ እንቁላሉ ሳይጠነክር ይነሳና ይወድቃል። ቤኪንግ ፓውደር ይህን ያባብሰዋል። መፍትሔው ጊዜ ነው፦ ከቀላ በኋላ ወደ 170 ዲግሪ አውርደሽ 5 ደቂቃ ጨምሪለት፣ ግድግዳው ይድረቅ። ሲወጣ መሃሉ ዝቅ ማለቱ የማይቀር ነው። ጠርዙም አብሮ ከተኛ ግን ወይ አልበሰለም ወይ መጥበሻው አልጋለም።

መብራት ከጠፋ ሊጡ ፍሪጅ ውስጥ እስከ ነገ ያድራል፣ ከመጋገርሽ በፊት አማስይው። በኤሌክትሪክ ምጣድ የሞከራችሁ አላችሁ፤ እሳቱ ከታች ብቻ ስለሆነ አናቱ ነጭ ይቀራል። ይልቅ እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም ፍም አድርጉበት፣ ቁመቱ ቢያንስም አናቱ ይቀላል። ለጾም ግን ይህን አትድከሙበት፣ ያለ እንቁላል አይሆንም።