የሚሞቀው ኤክስቴንሽን፦ ልቀጥል ወይስ ልተወው?

ማሞቂያውና የውሃ ማፍያው አብረው የተሰኩበት ኤክስቴንሽን ይሞቃል፣ ግን ዓመት ሙሉ ምንም አልሆነም፣ ልቀጥል ወይ ላልከው፦ አትቀጥል። ዛሬውኑ ተወው።

ጀርባው ላይ የተጻፈውን እይ። 10 አምፔር ካለ፣ በ220 ቮልት የሚችለው 2200 ዋት ነው። ማሞቂያው ብቻውን 2000 ዋት ከሆነ፣ ማፍያው ሲጨመርበት ከአቅሙ አለፈ ማለት ነው።

አሁን እንዲህ አድርግ፦

1. ዕቃዎቹን አጥፋ፣ ከዚያ ንቀል። የመቃጠል ሽታ ወይም ጭስ ካለ ግን ኤክስቴንሽኑን ሳትነካ ዋናውን ብሬከር አውርድ።
2. ሲቀዘቅዝ ቀዳዳዎቹን እያቸው። የጠቆረ ወይም የቀለጠ ፕላስቲክ ካለ ጣለው። በቴፕ ጠቅልሎ መጠቀም የለም።
3. ማሞቂያውን ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ለብቻው ሰካው። እዚያም ሶኬቱ ከሞቀ ውስጡ ያለው ሽቦ ላልቶ ሊሆን ስለሚችል ኤሌክትሪሻን ጥራ።

አንድ ነገር ልጨምር። ካየሁት፣ ሰውን የሚያዘናጋው ይኸው "እስካሁን ምንም አልሆነም" የሚለው ነው። የላላ መገናኛ በሞቀ ቁጥር ብረቱ ይጠቁራል፤ በጠቆረ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይሞቃል። ስለዚህ ዓመት መቆየቱ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ብሶበት ሊሆን ይችላል። ብሬከሩ አለልኝም አትበል። እሱ የሚወርደው መስመሩ ላይ ከመጠን ያለፈ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ እንጂ ሶኬቱ ስለጋለ አይደለም።

ገመዱ ምንጣፍ ሥር ካለፈ ወይም ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ዘርጋው፣ እባክህ፤ ማሞቂያውንም አብርታችሁ አትተኙ።