ኤፊሸንሲው ወረደ ሲባል፦ ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ

ሐዋሳ ውስጥ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገብቼ፣ ሰዓት ይዤ ላይን (የስፌት መስመር) ላይ በመቆም ዓመታት አሳልፌአለሁ። ኑሮው ሲከብድና ነገር ሲቀያየር የሥራ ቅልጥፍና (ኤፊሸንሲ) እንዴት ይለካል? የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ 40 ሰው ያለው ላይን እመራለሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር ኤፊሸንሲው ይወርዳል፣ የምንወቀሰው እኛ ነን።

መልስ፦ እንቁጠረው። 40 ሰው በ480 ደቂቃ 19,200 ደቂቃ ይሆናል። ለአንድ ሸሚዝ የተመደበው 20 ደቂቃ ነው እንበል። 480 ሸሚዝ ካወጣችሁ 9,600 ደቂቃ ሠርታችኋል፣ 50 በመቶ ማለት ነው። መብራት 90 ደቂቃ ከጠፋ ግን በእጃችሁ የነበረው 15,600 ብቻ ነው። ያኔ ወደ 62 በመቶ ትጠጋላችሁ። 50ው የፋብሪካው ነው፣ 62ቱ የእናንተ። ሁለቱም ጎን ለጎን ይጻፉ።

የጠፋው ሰዓት ደግሞ እዚያው በዚያው ይመዝገብ። እኔ ጀማሪ እያለሁ ማታ ማታ በግምት እሞላ ነበር። ወሩ ሲያልቅ ሳየው መብራት ሁሌም የጠፋው ልክ ለ30 ደቂቃ ነው!

ጥያቄ፦ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ቡና እሸጣለሁ። ከአምና ዘንድሮ ሽያጬ ጨምሯል። በርትተናል ማለት ነው?

መልስ፦ ብሩን ተወውና ስኒ ቁጠር። አምና 4 ሰው በቀን 400 ስኒ በ20 ብር ሸጠ እንበል፤ ለአንድ ሰው 2,000 ብር። ዘንድሮ 5 ሰው 350 ስኒ በ30 ብር፤ ለአንድ ሰው 2,100 ብር። በብር አደግክ። በስኒ ግን ከ100 ወደ 70 ወርደሃል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በብር ብቻ ማወዳደር፣ እያጠረ በሚሄድ ሜትር ጨርቅ እንደመለካት ነው።

ጥያቄ፦ የሰው ኃይል ክፍል ነኝ። ልጆቹ ደመወዙ ለቤት ኪራይ አልበቃ እያላቸው ይለቃሉ። አለቆቼ «ሠራተኛው ሰንፏል» ይላሉ።

መልስ፦ እህቴ፣ ከሦስት ወር በታች የቆዩትን ለብቻ፣ ነባሮቹን ለብቻ ለኪ። ብዙ ጊዜ ነባሮቹ ፍጥነታቸው እንዳለ ነው። አማካዩ የወረደው አዲስ ሰው ስለበዛ ነው። የሰነፈ የለም፤ የሄደ ነው ያለው።

ጥያቄ፦ አጎዋስ?

መልስ፦ አጎዋ ዕቃን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የማስገባት ዕድል ነው፤ ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከዕድሉ ወጥታለች። ትልቅ ኦርደር ሲጠፋ ትንንሹን እየለቀሙ መሥራት ይመጣል። ሞዴል በተቀየረ ቁጥር እጅ እስኪለምድ ቀናት ይበላል። ስለዚህ ኤፊሸንሲን ከኦርደሩ መጠን ጋር እዩት።

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የብድርና ቁጠባ ቅርንጫፎችን በዲኢኤ (የገባውንና የወጣውን አመዛዝኖ የቅልጥፍና ደረጃ በሚሰጥ የስሌት ዘዴ) ላወዳድር ነው። ይበቃል?

መልስ፦ ዲኢኤ ቅርንጫፎቹን እርስ በርስ ነው የሚያወዳድረው። ችግር መጥቶ ሁሉም እኩል ከወደቁ፣ ከወደቁት መሀል የተሻለው 100 በመቶ ያገኛል። በዓመት በዓመት የምትሠራው ከሆነ ውድቀቱ አይታይህም። ማልምኲስት የሚባለውን፣ ከዓመት ዓመት ያለውን ለውጥ የሚለካውን ስሌት ጨምርበት። እሱ «ወደ ቀዳሚዎቹ ተጠጋ ወይ?» የሚለውን «ቀዳሚዎቹ ራሳቸው ወዴት ሄዱ?» ከሚለው ይለይልሃል።

ጥያቄ፦ በፍቼ ጨምበላላ፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ ሰሞን ሰው ይቀራል። ከአምናው ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ላወዳድር?

መልስ፦ እንዳታደርገው። ቀኑን አያንቶዎች (የሲዳማ ኮከብ ቆጣሪ ሽማግሌዎች) ኮከብ አይተው ነው የሚወስኑት፣ በየዓመቱ ይለዋወጣል። የአምናውን የፍቼ ሳምንት ፈልገህ ከዘንድሮው የፍቼ ሳምንት ጋር አስተያየው።