ኮምፒውተር ይነሣል ወይስ ይጀምራል?

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬ ሁለት ዲስክ አለው። አንዱ ላይ ዊንዶውስ ነበረ፤ ሌላው ላይ ኡቡንቱ የሚባለውን ሌላ ሥርዓተ ክወና (ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ዋና ፕሮግራም) ጫንኩ። እንዴት እንደሠራሁት ለጓደኞቼ በአማርኛ ልጽፍ ስል «ቡት» (ኮምፒውተር ተከፍቶ ሥርዓተ ክወናው ሥራ እስኪገባ ያለው ሂደት) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አስቸገረኝ። ማስነሳት ልበል ማስጀመር? ሁለቱን መያዙንስ «ጥንድ ማስነሻ» ብለው ያስኬዳል?

መልስ፦ ማስነሣት ይበሉ። ኮምፒውተርዎ እንቢ ያለ ቀን ምን ይላሉ? «አልነሣ አለኝ» ነው። «አልጀምር አለኝ» ሲል የሰማሁት ሰው የለም። መኪናም ብርድ ሲመታው አይነሣም፤ ገፍተው ያስነሡታል።

ግእዙ ነሥአ ነው፤ ወሰደ፣ ያዘ፣ አነሣ ማለት። ተንሥአ ሲሆን ተነሣ ይሆናል፤ ትንሣኤም ከዚያው ነው። አማርኛ ደግሞ «ነሣ»ን ወደ መከልከል ወስዶ «እንቅልፍ ነሣኝ» ይላል። ይሄ ለጥያቄዎ አያስፈልግም፤ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። እርስዎ በእሳቱ ሰ ጽፈውታል። ዛሬ ማንም አይቆጣዎትም፤ እኔ ግን ትንሽ ይከፋኛል።

እንግሊዝኛው የመጣው ከጫማ ነው፤ ከምናውቀው ከቦት ጫማ። ከኋላው መጎተቻ ማሰሪያ አለው። ራስን በዚያ ማሰሪያ ጎትቶ ማንሣት የሚል አባባል ነበራቸው። ኮምፒውተርም ሲከፈት ትንሿ ፕሮግራም ትልቁን እየጎተተች ራሱን በራሱ ስለሚያነሣ ስሙ ወጣለት። እነሱም ያሉት ማንሣት ነው እንግዲህ!

«ሕይወት የሌለው ነገር አይነሣም፤ ማስጀመር ነው ትክክሉ» የሚሉ አሉ። አቧራ ሕይወት አለው? ይነሣል። ነፋስም ይነሣል። ጀመረ ግን ሥራ ይፈልጋል፤ ምን ጀመረ?

«ጥንድ»ን አልቀበልም። ጥንድ በሬ አብሮ ነው የሚያርስ። የእርስዎ ዊንዶውስና ኡቡንቱ ግን አብረው አይነሡም፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ተኝቷል። «ባለሁለት መነሻ» ይበሉት።

መነሻ ነው ያልኩት፤ ማስነሻ አላልኩም። አውቶቡስ የሚነሣበት ቦታ መነሻ ነው፤ ሞተሩን የሚያስነሣው ቁልፍ ማስነሻ። ዲስኮቹ መነሻ ናቸው። ግሩብ የሚባለው፣ ገና ሲከፈት «በየትኛው ልግባ?» ብሎ ዝርዝር የሚያቀርበው ፕሮግራም ማስነሻ ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። የኡቡንቱ መጫኛ (የአህያውን ጠፍር አላልኩም) አንዳንዴ ሥርዓተ ክወናውን በአዲሱ ዲስክ ላይ ይጭንና ማስነሻውን ዊንዶውስ ያለበት ዲስክ ላይ ይጥለዋል። መነሻው እዚህ፣ ማስነሻው እዚያ። የዊንዶውሱን ዲስክ የነቀሉ ቀን ኡቡንቱም አይነሣም። ብዙ ሰው ኡቡንቱን ሲጭን ሌላውን ዲስክ ነቅሎ የሚያቆየው ለዚህ ነው። ለጓደኞችዎ ይህን ሲጽፉ ሁለቱንም «ማስነሻ» ካሏቸው ምኑ የት እንደቀረ አይገባቸውም።

ስለ ማስጀመር አንድ ነገር ልመን። ስልኬን ላጠፋ ስል «ዳግም አስጀምር» ይለኛል። ይህን በየቀኑ ስንቱ እንደሚያነበው ያስቡት። ልጆቼም «አስጀምረው» ማለት ጀምረዋል፤ ማረም ትቻለሁ። «ዳግም አስነሣ» ቢል ግን እንዴት ያምርበት ነበር!